ከብራና እስከ ፍላሽ፤ ፎቶግራፋችንን ማን ያነብልናል?

ካለፈው ዓመት ወዲህ በታክሲ ተራም ሆነ በለቅሶ ቤት፣ በሠርግም ሆነ በማኅበር ላይ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጨዋታ አለ። «አዲስ ኮምፒዩተር ገዛሁ» ወይም «በአሮጌው ላይ ሌላ ፕሮግራም አስጫንኩበት፤ በፍላሽ ያስቀመጥኩት ፎቶ ግን አልከፈት አለኝ» የሚል ነው። ከፎቶዎቹ ግማሹ ይታያል፤ ግማሹ ባዶ ወረቀት የመሰለ ምልክት ብቻ ያሳያል። አንዳንዴም ፍላሹ ጨርሶ ያልተሰካ ይመስላል። በውስጡ ያለው ደግሞ ተራ ነገር አይደለም። የእናት የመጨረሻ ፎቶግራፍ ነው፤ የሠርግና የክርስትና ነው፤ በሱዳን ወይም በኬንያ አቋርጠን ስንመጣ ከጓደኞቻችን ጋር የተነሣነው ነው።

የጨዋታው መብዛት ምክንያት አለው። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ላወጣው ዊንዶውስ 10 ለተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒዩተሩን ለሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም፣ የሚሰጠውን ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቆመ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ለተመዘገበ ሰው የአንድ ዓመት ተጨማሪ ጥበቃ ቢፈቀድም፣ ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ብዙዎቹን አሮጌ ኮምፒዩተሮች አይቀበልም። ስለዚህ ብዙ ሰው አዲስ ገዛ፤ ሌላው ወደ ማክ ዞረ፤ ገንዘቡን የቆጠበው ደግሞ በአሮጌው ኮምፒዩተሩ ላይ ሊነክስ የተባለውን ነጻ ሲስተም ጫነ። ሊነክስን በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነው። ከሊነክስ ዝርያዎች አንዱ የሆነው ኡቡንቱ ደግሞ በ2004 በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ አማካይነት የወጣ ሲሆን ስሙም ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ ነው። እኔም አሮጌውን ላፕቶፔን ወደዚሁ ካዛወርሁት ወዲህ ያየሁትንና ያነበብሁትን፣ አገር ቤት ሳለሁ ታሪክ አስተምር እንደነበረው ሁሉ፣ ከሥሩ ጀምሬ ላጫውታችሁ።

ነገሩ ከላይ ሲታይ የጥገና ሠራተኛ ጉዳይ ይመስላል። ሆኖም ሥር ያለው ታሪክ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ የተቀመጠ ፎቶግራፍ በቁጥር የተጻፈ ጽሑፍ ነው። ማንኛውም ጽሑፍ አንባቢ ያስፈልገዋል። አንባቢው ፊደሉን ካልቆጠረ መጽሐፉ ሳይቃጠልና ሳይቀደድ ይጠፋል። ለፎቶግራፋችን የሚያስፈልጉት አንባቢዎችም ሁለት ናቸው፤ አንዱ መሣሪያው ነው፤ ሁለተኛው ሰው ነው።

ዓይን ብቻ ይበቃው የነበረ ፎቶግራፍ

ጄኔራል ናፒየር መቅደላን ከወጋ በኋላ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ገና የ7 ዓመት ሕፃን ሳለ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በዚያው በ1868 ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ታዋቂ ፎቶግራፍ አንሺ ዋይት በተባለችው ደሴት ላይ ፎቶግራፉን አነሣችው። ልዑሉ በ18 ዓመቱ በ1879 ሞቶ በዊንድሰር ተቀብሯል። ያ ያዘነ የሕፃን ፊት ግን ከ150 ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም ይታያል። ለማየት የሚያስፈልገው ብርሃንና ዓይን ብቻ ነው። ፎቶግራፉ የተሠራበት ወረቀት ምን ዓይነት እንደሆነ የማያውቅ ሰው እንኳ ልጁን ያየዋል።

በአገራችንም ቢሆን ቤድሮስ ቦያጂያን የተባሉት አርመናዊ በአፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነው፣ ሙያው ወደ ልጆቻቸው ወደ ሃይጋዝና ወደ ቶኒ ተላልፎ እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቆይቷል። ከቤተ መንግሥቱ ቀጥሎ በየከተማው ፎቶ ቤት ተከፈተ። ሕዝቡም በበዓል ቀን ለብሶና ተቀባብቶ እየሄደ ተነሣ። አንባብያን እንደምታስታውሱት የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ፊት ብቻ ሳይሆን ጀርባም ነበረው። በጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ለማስታወሻ ይሁንህ» ተብሎ፣ ስሙ፣ ቦታውና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍበታል። በዚህም የተነሣ ሰባት ፎቶ በሻንጣ ይዞ የተሰደደ ሰው፣ ሰባቱም እነማን እንደሆኑ የሚናገር ማስረጃ ይዞ ነበር ማለት ነው። ይህንን ጀርባ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና አንባብያን አትርሱልኝ።

ፎቶግራፍ ቁጥር የሆነበት ዘመን

በዋሽንግተን ከተማ የሚኖሩ አንባብያን በኮኔቲከት ጎዳና በቫን ነስ በኩል ሲያልፉ የዲስትሪክት ኦቭ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲን ያዩታል። ያ አካባቢ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የአሜሪካ ብሔራዊ የመለኪያና የደረጃ ቢሮ ግቢ ነበር። በዚያ መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ራስል ከርሽ በ1957 የሦስት ወር ልጁን የዋልደንን ፎቶግራፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኮምፒዩተር አስገባ። አምስት ሳንቲ ሜትር በአምስት ሳንቲ ሜትር የሆነችው ያቺ ፎቶግራፍ ወደ 176 በ176 ነጠብጣብ፣ ማለትም ወደ 30,976 ነጥቦች ተከፋፈለች። እያንዳንዷ ነጥብም ጥቁር ወይም ነጭ ተብላ በቁጥር ተጻፈች። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ፎቶ ሁሉ አያቱ ይህ የአንድ አባት ሥራ ነው።

በ1975 ደግሞ በኮዳክ ኩባንያ ውስጥ ስቲቭን ሳሰን የተባለ ወጣት መሐንዲስ ያለ ፊልም የሚያነሣ ካሜራ ሠራ። ክብደቱ ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ነበር። አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ በካሴት ላይ ለመጻፍ 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። ካሴቱን ለማየት ደግሞ ለዚሁ ብቻ የተሠራ መሣሪያና ቴሌቪዥን ያስፈልግ ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፎቶግራፍ ከሰው ዓይን ተለይቶ በመሣሪያ ምሕረት ሥር የወደቀው ያን ጊዜ ነው። ካሴቱን ይዞ መሣሪያውን ያጣ ሰው ምንም አልያዘም።

ቁጥሩ በጣም ብዙ መሆኑ ሌላ ችግር ነበር። ይህንን የፈታው እንደ እኛው ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው። ናሲር አሕመድ የተባለው የሕንድ ተወላጅ በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር በ1972 አንድ የሒሳብ ዘዴ አሰበ። ለጥናቱ የመንግሥት ገንዘብ ቢጠይቅ አልተሰጠውም። ከገምጋሚዎቹ አንዳንዶቹ ሐሳቡ እጅግ ቀላል ነው አሉት። እሱ ግን ክረምቱን ያለ ድጎማ ሠርቶ ከናታራጃንና ከራኦ ጋር በ1974 አሳተመው። ዘዴው በቀላሉ ሲገለጽ እንዲህ ነው። ፎቶው 8 ነጥብ በ8 ነጥብ በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይከፋፈላል። በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ያለው የብርሃንና የጥላ መለዋወጥ በሞገድ መልክ ይጻፋል። ዓይናችን እምብዛም የማይለየው ጥቃቅን ሞገድ ይቀነሳል። በዚህ ዘዴ ላይ ተመሥርቶ ከ1986 ጀምሮ የተሰበሰበ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ኮሚቴ በ1992 አንድ ስምምነት አወጣ። ኮሚቴው ጄፔግ ይባላል፤ ስምምነቱም በስሙ ተጠራ። በፎቶዎቻችን ስም መጨረሻ ላይ የምናያት «ጄ-ፒ-ጂ» የምትለው ሦስት ፊደል ይህ ናት።

ጄፔግ ከ30 ዓመት በላይ በሁሉም ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ ሊከፈት የቻለው ስምምነቱ ለሁሉም የታተመ በመሆኑ ነው። አንድ ኩባንያ ቢዘጋ ሌላው ያነበዋል። ኮዳክ ራሱ በጃንዋሪ 2012 ከኪሳራ ጥበቃ ሥር ሲገባ፣ በኮዳክ ካሜራ የተነሣ የጄፔግ ፎቶ አንድም አልጠፋም።

ፍላሽና መደርደሪያው

ፍላሽ የሚለው ስም ራሱ ከፎቶግራፍ የመጣ ነው። በጃፓን በቶሺባ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፉጂዮ ማሱኦካ በ1980ዎቹ ዓመታት ያለ ኤሌክትሪክ የማይረሳ አዲስ ዓይነት ማስታወሻ ፈለሰፈ። የተጻፈበት በአንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ስለሚሰረዝ የሥራ ባልደረባው የካሜራ መብራት መሰለውና ፍላሽ አለው። ዛሬ የምንሰካት ትንሿ ፍላሽ ደግሞ በ2000 ለገበያ ቀረበች። ከመጀመሪያዎቹ አንዷ 8 ሜጋባይት ብቻ የምትይዝ ነበረች፤ ይህም ዛሬ በስልክ ለሚነሡ ሁለት ወይም ሦስት ፎቶዎች ብቻ የሚበቃ ነው።

ፍላሽ ግን መደርደሪያ የሌለው ቤተ መጻሕፍት ቢሆን ኖሮ ማንም አይጠቀምበትም ነበር። የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚመዘግብ ማውጫ ያስፈልጋል። ይህ ማውጫ ፋይል ሲስተም ይባላል። በጣም የታወቀው ፋት የተባለው ሲሆን በ1977 በማይክሮሶፍት ውስጥ ማርክ ማክዶናልድ የጻፈው ነው። በ1996 የወጣው ልጁ ፋት 32 ዛሬም በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊነክስ፣ በቴሌቪዥንና በመኪና ራዲዮ ሳይቀር ይነበባል። አንድ ጉድለት አለው፤ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጸው ባለሙያ ፍላሹን በሌላ ዓይነት ማውጫ አዘጋጅቶ የሚያስረክበን በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሲስተም የለወጠ ሰው የሚቸገረው። ዊንዶውስ ኤን-ቲ-ኤፍ-ኤስ የሚባለውን የራሱን ማውጫ ይወዳል። ማክ ይህንን ማንበብ ይችላል፤ ሊጽፍበት ግን አይችልም። ማክ በራሱ ማውጫ ያዘጋጀውን ፍላሽ ደግሞ ዊንዶውስ አያውቀውም። ኤክስፋት የተባለው መካከለኛ ማውጫ በ2006 ቢወጣም ማይክሮሶፍት ዝርዝሩን ለሕዝብ የገለጸው በ2019 ነው። ሊነክስ በውስጡ አካትቶ ማንበብ የጀመረውም ከዚያው ዓመት መጨረሻ አንሥቶ ነው። በመሆኑም አሮጌ ሊነክስ ላይ ያልታየ ፍላሽ አዲሱ ላይ ሊታይ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ አንባቢ ቢኖር የሚከተለውን ይያዝ። ዊንዶውስ የማያውቀው ፍላሽ ሲሰካበት «ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ላድርግልህ?» ብሎ ይጠይቃል። ማክም «ይህን ዲስክ ማንበብ አልቻልሁም» ብሎ ተመሳሳይ በር ይከፍታል። ጥያቄው በትሕትና የቀረበ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን «ቋንቋህን ስለማላውቅ ማውጫህን ልቅደደው?» ማለት ነው። መልሱ ምንጊዜም እምቢ መሆን አለበት። ፍላሹን ነቅሎ ወደ ተዘጋጀበት ዓይነት ኮምፒዩተር መመለስ ነው። ብዙ ጊዜ እዚያ ሲደርስ ፎቶው ሁሉ በቦታው ይገኛል።

እሺ ተብሎ ተጭኖ ከሆነም ወዲያው ተስፋ አይቆረጥም። በፈጣኑ ፎርማት የሚጠፋው በአብዛኛው ማውጫው ነው፤ ፎቶዎቹ ሌላ እስኪጻፍባቸው ድረስ በቦታቸው ይቆያሉ። ስለዚህ በፍላሹ ላይ አንዲት ፋይል እንኳ ሳይጨምሩ ማቆም ነው። ፎቶሬክ የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለ። ማውጫውን ትቶ የፎቶዎቹን መነሻ ምልክት እየፈለገ ያወጣቸዋል። ስማቸውንና ቅደም ተከተላቸውን አያገኘውም፤ ፊቶቹን ግን ብዙ ጊዜ ይመልሳል።

ማውጫው ተነቦ ፎቶው እምቢ ሲል

ሁለተኛው ችግር መደርደሪያው ታይቶ መጽሐፉ የማይነበብበት ነው። አፕል ኩባንያ በሴፕቴምበር 2017 ባወጣው የአይፎን ሲስተም ካሜራው ፎቶን በጄፔግ ፋንታ ኤች-ኢ-አይ-ሲ በተባለ አዲስ ዓይነት እንዲያስቀምጥ አደረገ። አዲሱ ዓይነት ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ፎቶ በግማሽ ያህል ቦታ ያስቀምጣል። ነገር ግን የተመሠረተበት የማጠናቀቂያ ዘዴ በብዙ ኩባንያዎች የባለቤትነት መብት የታጠረ ነው። በዚህም ምክንያት በአንዳንድ የሊነክስ ዓይነቶች ላይ አንባቢው ፕሮግራም አብሮ አይመጣም፤ በዊንዶውስ ላይም ተጨማሪ ነገር መጫን የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ከአንድ ሠርግ የተሰበሰቡ ፎቶዎች ግማሾቹ ተከፍተው ግማሾቹ እምቢ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ የተከፈቱት በሌላ ስልክ የተነሡ ናቸው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በሊነክስ ላይ ኤች-ኢ-አይ-ሲን የሚያነበውን ነጻ ፕሮግራም ከፕሮግራም ማከማቻው መጫን ይቻላል። በአይፎኑም ላይ በሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያም ፎርማት የሚለውን ከፍቶ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን መምረጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነሡት ፎቶዎች በጄፔግ ይቀመጣሉ።

ሰውን በከንቱ የሚያስደነግጥ ሌላ ነገርም አለ። ማክ ወደ ፍላሽ ሲገለብጥ፣ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጎን በነጥብና በሰረዝ የሚጀምር ተመሳሳይ ስም ያለው ትንሽ ፋይል ሊጽፍ ይችላል። በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሲታይ ፎቶው ሁለት ሆኖ አንዱ የተበላሸ ይመስላል። ያ ትንሹ ፋይል ማክ ለራሱ የያዘው ማስታወሻ ነው። ፎቶው አጠገቡ በጤናው አለ።

በፊደላችን ላይ የደረሰው

ይህ ዓይነቱ ነገር ለኛ አዲስ አይደለም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት በአማርኛ የሚጽፉ ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ሲወጡ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሎቻችን የሰጠው ቁጥር የተለያየ ነበር። ከ200 የሚበልጡት ፊደሎቻችን በአንድ ፎንት ውስጥ በሚገኙት 256 ቦታዎች ከእንግሊዝኛው ጋር ተጣበው ስለማይበቃቸው፣ አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈሏቸው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ቁርጥራጭ ይሆን ነበር።

ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ስምምነት በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ የግዕዝን ፊደል አካተተ። «ሀ» በዓለም ላይ ባለ ኮምፒዩተር ሁሉ አንድ ቁጥር አገኘች። ዛሬ ከአዲስ አበባ ተጽፎ በሪያድ፣ በስቶክሆልምና በአትላንታ ስልክ ላይ የሚነበበው መልእክት የዚያ ስምምነት ፍሬ ነው። ከዚያ በፊት በየፕሮግራሙ የተጻፉት የማኅበር ቃለ ጉባኤዎች፣ ግጥሞችና የቤተሰብ ታሪኮች ግን የመቀየሪያ ፕሮግራም ካልተገኘላቸው በቀር በዲስክ ላይ ተቆልፈው ቀርተዋል። በወረቀት የታተመው ቅጂያቸው ግን ዛሬም ይነበባል።

ከ900 ዓመት መጽሐፍ ቀድሞ ያረጀው ዲስክ

እንግሊዞች በዚህ ረገድ የደረሰባቸው ትምህርት ይሆናል። ንጉሥ ዊልያም በ1086 የአገሩን መሬትና ንብረት አስቆጥሮ ዱምስዴይ ቡክ የተባለ መዝገብ በብራና አስጻፈ። በ900 ዓመቱ፣ በ1986፣ ቢቢሲ የሕዝቡን አኗኗር የሚያሳይ አዲስ መዝገብ በፎቶና በጽሑፍ አዘጋጅቶ በሌዘር ዲስክ ላይ አወጣ። ዲስኩ የሚነበበው በዘመኑ በነበረ አንድ ዓይነት ኮምፒዩተርና ማጫወቻ ብቻ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው የሚያነበው መሣሪያ እየጠፋ ሄዶ፣ በ2002 ገደማ ተመራማሪዎች በብዙ ድካም ነው ያዳኑት። የ1086ቱ ብራና ግን በለንደን በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቁጭ ብሎ ይነበባል።

እኛ ደግሞ ከዚያም የሚበልጥ ምስክር አለን። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች፣ በሳይንሳዊ ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተዘጋጁ ተገምቷል። እነርሱን ያቆያቸው የብራናው ጥንካሬ ብቻ አይደለም። በየዘመኑ ግዕዝን ለልጅ የሚያስተምር የኔታ ስላልጠፋ ነው። ብራናው ቢኖርና አንባቢው ቢቋረጥ ኖሮ፣ ዛሬ በሌላው ዓለም እንዳሉት ያልተፈቱ ጥንታዊ ጽሑፎች በሆኑ ነበር።

የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣቱ ሥራም ሌላውን ትምህርት ይሰጠናል። ሥራው በ1973 ተጀምሮ፣ አብዮቱ ፈንድቶ አገር ሲታመስ እንኳ ሳይቋረጥ ከ8 ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ቅጂው በሚኒሶታ በኮሌጅቪል ከተማ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀመጠ። በደርግ ጊዜ በጥይት ተመትተው ሰውነታቸው ከወገብ በታች የማይታዘዝላቸው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ በስደት እዚያው ተቀምጠው ከአሥርት ዓመታት በላይ መጻሕፍቱን እያነበቡ በውስጣቸው ምን እንዳለ መዘገቡ። በ2021 እስካረፉ ድረስ ከሥራው አልተለዩም። ማይክሮፊልሙም በተራው ወደ ዲጂታል ተገለበጠ። ሦስቱንም ነገር አስተውሉ፤ ቅጂው ከአንድ ቦታ በላይ መኖሩን፣ ዘመን በተለወጠ ቁጥር ወደ አዲሱ መገልበጡን፣ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በጽሑፍ መመዝገቡን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

እነዚህን ሦስት ነገሮች በየቤታችን ማድረግ እንችላለን።

በመጀመሪያ ፍላሽ ማመላለሻ እንጂ የዘላለም ጎተራ አለመሆኑን እንወቅ። በውስጡ ያለው ጽሑፍ የታሰረ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ለብዙ ዓመታት ሳይሰካ በመሳቢያ ቢቀመጥ ቀስ እያለ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ከፎቶዎቹ ቢያንስ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ በኮምፒዩተሩ፣ አንዱ በውጭ ዲስክ፣ አንዱ ደግሞ በሌላ ቤት ወይም በሌላ ከተማ በሚኖር ወንድም ወይም እኅት ዘንድ። ቤት ሊቃጠል፣ ሻንጣ ሊሰረቅ ይችላልና።

በሁለተኛ ደረጃ ሲስተም ከመለወጣችን በፊት አሮጌው ገና እየሠራ ሳለ እንገልብጥ። በአሮጌው ዊንዶውስ ላይ ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፎ ከሆነ፣ የመክፈቻውን ረጅም ቁጥር በወረቀት ጽፈን እንያዝ፤ ያለዚያ ቁጥር የትኛውም ሲስተም አይከፍተውም። ኤች-ኢ-አይ-ሲ የሆኑት ፎቶዎች በጄፔግ ሌላ ቅጂ ይሠራላቸው። በዋትስአፕና በመሳሰሉት የምንላላካቸው ፎቶዎች እንደነገሩ ሲላኩ ተጨምቀው ጥራታቸው ስለሚቀንስ እንደ ዋና ቅጂ አይቆጠሩ። የጄፔግ ፎቶ ፋይሉ እንዳለ ሲገለበጥ ምንም አይቀነስበትም፤ ተከፍቶ፣ ተቆርጦና ተስተካክሎ እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ግን ጥቂት ጥቂት ያጣል።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር የፎቶው ጀርባ ነው። ካሜራው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በወጣ ስምምነት መሠረት ፎቶው የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ የካሜራውን ዓይነት፣ ስልክ ከሆነም ቦታውን ጭምር ከፎቶው ጋር ይጽፋል። ከቀኙ በኩል የተቀመጡት ሴትዮ የአባታችን አክስት መሆናቸውን ግን አይጽፍም። ለፎቶው የሚሰጠው ስም «አይ-ኤም-ጂ» ከአራት ቁጥር ጋር ነው። መሣሪያው አንባቢ የሆነው ለቀለሙ ብቻ ነው፤ ዝምድናን የሚያነበው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ያረጃል።

ዛሬ በየከተማው ያሉ ሽማግሌዎቻችንና አሮጊቶቻችን፣ ከአብዮቱ በፊት የተነሡ ፎቶዎችን አይተው ሰውን በስሙ፣ ቦታውን በመንደሩ የሚለዩ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ልጆቻችን አማርኛ ይናገሩም አይናገሩም ወደፊት እነዚህን ፎቶዎች ይወርሳሉ። ፎቶው ተከፍቶላቸው «ይህች ማን ናት?» ቢሉ የሚመልስላቸው ከሌለ፣ ካልተከፈተው ፍላሽ በምን ይሻላል? የጠፋ ፋይልን የሚያወጣ ፕሮግራም አለ፤ የጠፋን ስም የሚያወጣ ፕሮግራም ግን የለም።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው የእረፍት ቀን ላፕቶፑን ከእናታችሁ ወይም ከአባታችሁ ፊት አስቀምጡ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያሳያችሁ የሚሉትን ጻፉ። የሩቅ ከሆኑም በስልክ ይደረጋል። ከፎቶዎቹ ጋር በአንድ ፎልደር ውስጥ ተራ የጽሑፍ ፋይል ክፈቱ፤ የፎቶው ቁጥር፣ የሰዎቹ ስም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቦታው፣ ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ይጻፍ። ከተቻለም ለልጆቹ ሲባል በሚኖሩበት አገር ቋንቋ ጭምር ይጻፍ። ከሁሉም የምትወዷቸውን ሃያ ወይም ሠላሳ ፎቶዎች ደግሞ በወረቀት አሳትማችሁ በጀርባቸው ላይ እንደ ጥንቱ በእጃችሁ ጻፉባቸው፤ ለማንበብ ብርሃንና ዓይን ይበቃልና።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ገና ብዙ ጊዜ ይለወጣል። ፍላሹም እንደ ካሴቱ የሚረሳበት ቀን ይመጣል። በየጊዜው የሚገለብጥና ስሙን የሚጽፍ ሰው በየቤቱ ካለ ግን ፎቶው ያልፋል። ቸር ይግጠመን።